አጥንቷ ሳይጠና የወለደች ልጅ
ወጣት አራስን የሚጦሩ አያቶች ስለ አጥንት ማወቅ የሚገባቸው

በጎንደርም ሆነ በትግራይ ገጠር ካደጉት እናቶቻችን ብዙዎቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን የታቀፉት በአሥራ አምስትና በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። ያኔ ወጉ ነበር፤ ማንም ነውር አይለውም። ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው የቤተሰብ ሕግ፣ እስራኤል ደግሞ በ2013 የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርገዋል። ግን ሕግ ወጣ ማለት ነገሩ ጨርሶ ቀረ ማለት አይደለም። በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ከሆኑት ሴቶች 13 በመቶዎቹ ወይ ወልደዋል ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። እዚህም አገር አንዳንድ ቤት ይገጥማል። ሲገጥም ደግሞ ልጅቱን የምታርሳት እናቷ ወይም አያቷ ናት። ስለዚህ ነገሩን ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ሁለት የሚያድጉ ልጆች፣ አንድ ገበታ

የሴት ልጅ አጥንት እስከ 18 ዓመቷ ድረስ ነው በብዛት የሚገነባው። በዚያ ዕድሜ በሕይወቷ ከሚኖራት አጥንት እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ተሠርቶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ያንን ይዞ የማቆየት ዕድሜ ነው።

አሁን አስቡት። በ16 ዓመቷ ያረገዘች ልጅ የራሷን አጥንት ገና እየገነባች ነው። በሆዷ ያለው ሕፃን ደግሞ እስኪወለድ ድረስ 30 ግራም ያህል ካልሲየም ይወስዳል፤ አብዛኛውን የሚወስደው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከተወለደ በኋላም ጡት በጠባ ቁጥር ካልሲየም ይወጣል። የምትበላው ካልበቃ ሰውነቷ ከየት ያመጣል? ከአጥንቷ ነው የሚቀዳው። የሠላሳ ዓመት ሴት ከሞላ ጎተራ ነው የምትሰጠው፤ ይህቺ ልጅ ግን ጎተራዋ ገና እየሞላ ነው።

ጡት ማጥባቱ ይቁም ማለት ነው?

በፍጹም። የሚያጠባ እናት ሁሉ ከአጥንቷ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ልጁ ጡት ከተወ በኋላ በወራት ውስጥ ሰውነቷ የጎደለውን መልሶ ይተካል። የፈጣሪ ሥራ እንዲህ ነው። ለመተካት ግን ምግብ፣ ፀሐይና እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። እነዚህ ከጎደሉ፣ በተለይም አንዱን ልጅ ጡት ሳታስጥል ሌላ ካረገዘች፣ አጥንቷ የመተኪያ ጊዜ አያገኝም።

የአራስ ምግብ

ድሮ በአራስ ጎጆ፣ ለወንድ ልጅ 40 ለሴት ልጅ 80 ቀን፣ አራሷ ከሥራ አርፋ ገንፎዋና አጥሚቷ እየመጣላት ትቀመጥ ነበር። ዕረፍቱና መጦሩ ጥሩ ነው፤ ዛሬም አይቅርባት። አንድ ነገር ግን እናስተውል። ቅቤ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ካልሲየሙ የሚቀረው በአሬራው ውስጥ ነው። ገንፎው በቅቤ ቢቀርብም አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ ይኑር።

ዕድሜዋ ከ18 በታች የሆነች አጥቢ እናት በቀን 1300 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጣል። ወተት ሆዷን የሚነፋት ከሆነ እርጎ፣ ሌበን ወይም ኤሼል ይስማማታል። የጤፍ እንጀራ ከስንዴ ዳቦ የተሻለ ካልሲየም አለው። ጎመን፣ ከነልጣጩ የተፈጨ የሰሊጥ ጠሂና፣ ከነአጥንቱ የሚበላ የቆርቆሮ ሰርዲንም ይረዳሉ። በምግብ ብቻ የማይሞላ ከሆነ ሐኪም ክኒን ያዛል። ለደም ማነስ የሚሰጠውን የብረት ክኒን ግን ከካልሲየም ክኒን ጋር አንድ ላይ አትዋጥ፤ በመካከሉ ሁለት ሰዓት ያህል ይለፍ።

ፀሐይ

ካልሲየም ወደ ሰውነት የሚገባው ቪታሚን ዲ ሲኖር ነው። እርሱን የሚሠራው ደግሞ ፀሐይ የነካው ቆዳችን ነው። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። በአገራችን ውሃ ስንቀዳ፣ እርሻ ስንውል ሳናስበው እናገኘው ነበር። እዚህ ግን ውሏችን በፎቅ ቤት ነው። በ1995 የታተመ የእስራኤል ሐኪሞች ጥናት ከኢትዮጵያ በመጡ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢ እናቶች ላይ የቪታሚን ዲ እጥረት በብዛት አግኝቷል። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ አይጠቅምም። ስለዚህ ከወሊዱ ስትበረታ ከሕፃኗ ጋር ወጣ ትበል፤ መራመዱም ራሱ አጥንት ያጠነክራል። ጢፓት ሐላብ የሚመክረው የቪታሚን ዲ ጠብታ ለሕፃኑ ነው። እናትየዋ የራሷን ትጠይቅ።

ስለ መርፌው

ዴፖ ፕሮቬራ የሚባለው የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ በማኅበረሰባችን ብዙ እንዳነጋገረ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ የጤና ሚኒስቴር ውጤቱን በሚገባ ላልተረዳች ሴት መርፌው እንዳይታደስ ለኩፓት ሆሊሞች መመሪያ ሰጥቷል። ከአጥንት አንጻር ያለው ነገር ይህ ነው፦ በ2004 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መርፌው አጥንት እንደሚቀንስ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዘዘ። ሌላ አማራጭ ከሌለ በቀር ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይወሰድም መከረ። ሲቆም አጥንቱ ይመለሳል፤ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ግን ይችላል። በጉርምስና ዕድሜ ላይ ላለች ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መርፌውን የምትወስድ ልጅ በራሷ አታቋርጥ። ሐኪሟን «ለአጥንቴ የሚሻል ሌላ ምን አለ?» ብላ ትጠይቅ። አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅም አያሳፍርም።

«ብርድ ነው» ብለን አንለፈው

ከወሊድ በኋላ ወገብ ማመሙ የተለመደ ነው። ነገር ግን ሕመሙ ድንገት የጀመረና ከባድ ከሆነ፣ ሕፃኑን ማንሳት እስኪያቅታት ከደረሰ፣ ወይም ቁመቷ ያጠረ ከመሰለ፣ «ብርድ ገብቷት ነው» ብለን በማሸት ብቻ አንለፈው። አልፎ አልፎ የጀርባ አጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

እናንተስ?

በልጅነታችሁ የወለዳችሁ፣ በላይ በላዩ ወልዳችሁ ያጠባችሁ እናቶች፣ ይህ ስለ ልጅ ልጆቻችሁ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ቁመታችሁ ካጠረ፣ ጀርባችሁ ከጎበጠ፣ ወይም በትንሽ መውደቅ አጥንት ከተሰበረባችሁ ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ንገሩ። የመጀመሪያ ልጃችሁን በስንት ዓመታችሁ እንደወለዳችሁ፣ ስንት እንደወለዳችሁም አውሩት፤ ሐኪሙ ካልነገራችሁት አያውቀውም። በዕብራይስጥ ጽፊፉት ዔጼም የሚባለው የአጥንት ጥግግት ምርመራ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁት። ምርመራው አያምም፤ መርፌም የለውም፤ በጀርባ ጋደም ብሎ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ብቻ ነው። ሴት ልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ እርሷም የራሷን ጥያቄ በዚያው ትጠይቃለች።