አራስ ጥየቃ ከመስኮት ውጭ

በ2012 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴር የዕለቱ መግለጫ ሲነበብ ቤታችን ጸጥ ይል ነበር። የልጅ ልጆቼ የተያዙትን ቁጥር ሰምተው «ዛሬ ቀንሷል!» ይሉ ነበር። እኔ አስቀድሜ የማዳምጠው ግን ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት ሰው እንደተመረመረ ነበር። የተመረመረው ሰው ካነሰ የሚገኘውም ታማሚ ያንሳል፤ በሽታው ግን ላይቀንስ ይችላል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን ከተገኘ ወዲህ መመሪያው በዝቶ ነበር። ከውጭ የገባ ሰው 14 ቀን ተለይቶ ይቆይ ነበር፤ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጨባበጥና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ለእኛ የከበደን ግን ጥየቃው ነበር። ዋርድ ስሠራም ቢሆን አንድ አልጋ ከበው የቆሙ ጠያቂዎችን ማስወጣት መርፌ ከመውጋት ይከብደኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ወለደች። ጎረቤቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ የልጇ ባል ደግሞ ሲያሽከረክር የሚውል የታክሲ ሾፌር ነው። «ሲስተር፣ እኔ እናቷ ካላረስኳት ማን ሊያርሳት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ምልክት ሳይታይበት የሚያስተላልፍ ሰው እንዳለ፣ በእሷ ዕድሜና ሕመም ላይ በሽታው እንደሚጠና ግን ነገርኳት።

በመጨረሻ ታናሽ ልጇ ገብታ እህቷን እንድታርስ፣ እሷ ገንፎውን ሠርታ በር ላይ እንድታስቀምጥ ተስማማን። አብሬያት ሄድኩ። ጭምብላችንን አድርገን፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀን ቆምን። ሕፃኑን በመስኮት አሳዩን። እልልታዋን ሳትጨርስ አለቀሰች።

ማታ ልጅቷ ደውላ ገንፎው ቅቤ አንሶታል ብላታለች።