ዕጣ ሁሉ ዕጣ ነው?

ደብረ ወርቅ እናቴ የእቁብ ዳኛ ናት። እሑድ እሑድ እቁብተኞቹ ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው፣ አጣጥፈው ባርኔጣ ውስጥ ይጨምራሉ። የሚያወጣው በዕድሜ ትንሹ ነው፤ ያኔ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አንደኛው ወረቀት ወፈር ብሎ ተሰማኝና እሱኑ ሳብኩት። የወጣላቸው ሴትዮ እልል አሉ፤ እኔን ግን እስካሁን ይቆረቁረኛል።

የኔን ጥፋት የሚለካ ሳይንስ አለ። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 «አለማወቃችን ስንት ነው?» የሚለውን በቁጥር አስቀመጠው፤ ስሌቱ ኢንትሮፒ ይባላል። ስምንት እኩል ወረቀት ካለ ኢንትሮፒው 3 ቢት ነው፤ ባለዕጣውን ለማወቅ ሦስት የ«አዎ» ወይም የ«አይደለም» ጥያቄ ይፈልጋል ማለት ነው። ሁሌ ወፍራሙን እንደምስብ ለሚያውቅ ሰው ግን አንድም ጥያቄ አያስፈልገውም፤ ኢንትሮፒው ዜሮ!

ሩሲያዊው ኮልሞጎሮቭ በ1965 በሌላ በር ገባ። የቁጥሮች ሰልፍ ዘፈቀደ የሚባለው ከራሱ ባጠረ ፕሮግራም መጻፍ ሲያቅት ነው አለ። «01» ሺህ ጊዜ ቢደጋገም በአንድ መስመር ትዕዛዝ ያልቃል፤ ዘፈቀደ አይደለም። ኮምፒውተርም የሚታማው እዚህ ላይ ነው። ቁጥር የሚያወጣው ከአጭር ፕሮግራምና ከመነሻ ቁጥር ስለሆነ፣ ሁለቱን የያዘ ሰው ዕጣውን ቀድሞ ያውቀዋል።

ታዲያ እውነተኛ ዕጣ ከየት ይምጣ? ከኳንተም። አንድ የብርሃን ቅንጣት፣ ማለትም ፎቶን፣ ግማሹን አሳልፎ ግማሹን የሚመልስ መስታወት ላይ ሲደርስ ያልፋል ወይስ ይመለሳል? ስለ ፎቶኑ ሊታወቅ የሚችለው ሁሉ ቢታወቅ፣ ማለትም የፎን ኖይማን ኢንትሮፒ የሚባለው ዜሮ ቢሆን እንኳ፣ መልሱ ሙሉ 1 ቢት አለማወቅ ይቀረዋል። በእጅ የሚዳሰስ ወፍራም ወረቀት የለማ!

ግን ይኼም ብቻውን አይበቃም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የ25,491 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ በኮምፒውተር ወጥቶ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። መስፈርት ያላሟሉ ሰዎች ስም ከቆጣቢዎቹ ጋር ተቀላቅሎ መገኘቱን ከተማ አስተዳደሩ ገለጸ። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ፎቶንም አያጠራውም፤ እሱ የሚመርጠው ከተሰጠው ነው።

እኛ ነገ ጋዜጠኛ የምንሆን ልጆች «ማን ደረሰው?» ብለን ብቻ አንመለስ። ባርኔጣው ውስጥ ምን ገባ? ማን ቆጠረው? የማንስ እጅ አወጣው? የወፍራሙን ወረቀት ነገር ለእናቴ ገና አልነገርኳትም፤ ይህን ስታነብ ታውቃለች።