ፈቃድ ከመስጠት በፊት ማስተዋል

እንግዳ በደጅ ቆሞ ሲጣራ ባለቤቱ «ማነህ? ምን ፈልገህ መጣህ?» ብሎ መጠየቁ የቆየ የአገር ልማድ ነው። በስልክና በኮምፒውተር ግን ይህ ልማድ የተዘነጋ ይመስላል። ድረ ገጽ የሚከፈትበት ብራውዘር «ይህ ድረ ገጽ ያሉበትን ስፍራ ለማወቅ ይፈልጋል» ብሎ ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ፣ ብዙው ሰው ሳያነብ «ፍቀድ» የሚለውን ይነካል።

ጥያቄው የተሠራው ባለቤቱን ለመጠበቅ ነው። ብራውዘሩ ካሜራውን፣ ማይክሮፎኑንና ስፍራውን ያለ ፈቃድ ለድረ ገጽ አይሰጥም። ነገር ግን የተሰጠው ፈቃድ ብዙ ጊዜ እስኪሻር ድረስ ጸንቶ ይኖራል። የሰው ውሎና አዳር ተደጋግሞ ከተመዘገበ ደግሞ፣ ስሙ ባይጻፍ እንኳ፣ የሚሠራበት መሥሪያ ቤትና የሚታከምበት ሐኪም ቤት ማንነቱን ይናገራሉ።

ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚደረግ ክትትልም አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ሉ ሞንቱሊ የተባለ የኔትስኬፕ ኩባንያ ሠራተኛ፣ ድረ ገጽ ተመላሽ ደንበኛውን እንዲያውቅ ኩኪ የተባለውን ትንሽ መዝገብ ፈጠረ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ኋላ ግን ማስታወቂያ ነጋዴዎች በብዙ ድረ ገጾች ላይ የራሳቸውን ኩኪ እያኖሩ አንዱን ሰው ከገጽ ወደ ገጽ ይከተሉት ጀመር። ፋየርፎክስ በ2019 የታወቁትን ተከታታዮች፣ ሳፋሪም በ2020 የሌላ ወገን ኩኪዎችን ሁሉ ከለከሉ። ጉግል ግን እነዚህን ኩኪዎች ከክሮም አስወግዳለሁ ብሎ በ2020 ካስታወቀ በኋላ፣ በ2024 አሳቡን ለወጠ፤ ስለዚህ በክሮም የሚጠቀም ሰው በሴቲንግ ውስጥ ራሱ ሊዘጋቸው ያስፈልገዋል።

ኢንኮግኒቶ የሚባለውም መስኮት የጎበኙትን ዝርዝር ከመሣሪያው ላይ ያጠፋል እንጂ ከድረ ገጹና ከኢንተርኔት አቅራቢው አይሰውርም።

እንግዲህ መለኪያው ጥያቄውን ከጉዳዩ ጋር ማስተያየት ነው። ካርታ ስፍራን ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ የዜና ገጽ ማይክሮፎን ቢጠይቅ ግን ምክንያት የለውም። የሚያስፈልገውንም «ለዚህ ጊዜ ብቻ» ብሎ መፍቀድ፣ የቀድሞውንም በአድራሻው አጠገብ ካለው ምልክት ገብቶ መሻር ይቻላል።

የመንግሥት ጉዳይ በእጁ ያለ ሹምና የብዙ ሰው ምስጢር የሚሰማ ካህን ይህን አብልጠው ሊያስቡበት ይገባል፤ በእነርሱ ቸልታ የሚገለጠው የራሳቸው ነገር ብቻ አይደለምና።