የነፋስን ቀለም ያነበበችው ሳተላይት

ነፋስ ቀለም ቢኖረው ምን ዓይነት ይሆን ነበር? በበጋ አቧራ ሲያስነሳ ያየ ቡናማ ይለው ይሆናል፤ በክረምት ጉም ሲነዳ ያየ ደግሞ ነጭ። ይህ ግን የአቧራውና የጉሙ ቀለም ነው። ነፋስ የሚንቀሳቀስ አየር ነውና ዓይናችን አያየውም። ኤኦሉስ የተባለች ሳተላይት ግን የነፋስን ፍጥነት ከቀለም አንብባ አሳይታናለች።

ስሟ የነፋሳት ጠባቂ ከሚባለው የግሪክ አፈ ታሪክ ሰው የተወሰደ ነው። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 2018 ከፈረንሳይ ጊያና አመጠቃት። ከ320 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል የሌዘር ብርሃን ወደ ምድር ትልክ ነበር። ብርሃኑ አልትራቫዮሌት ነው፤ በቀስተ ደመና ላይ ከሐምራዊው ቀጥሎ የሚገኝ፣ ለሰው ዓይን የማይታይ። የተመረጠውም በምክንያት ነው። የአየር ሞለኪውሎች የሞገድ ርዝመቱ ያጠረውን ብርሃን አብዝተው ይበትናሉ። ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየንም በዚሁ ሕግ ነው።

ከተበተነው ብርሃን ጥቂቱ ተመልሶ 1.5 ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ይያዛል። ሲመለስ ግን ቀለሙ እንደ ሄደበት አይሆንም። አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ አልፎን ሲሄድ እንደሚወፍር ሁሉ፣ ወደ ሳተላይቷ የሚነፍስ አየር የመለሰው ብርሃን ሞገዱ ያጥራል፤ የሚርቃት አየር የመለሰው ደግሞ ይረዝማል። ይህን መርህ ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 ያቀረበው ስለ ጥንድ ኮከቦች ቀለም በጻፈው ጥናት ነው። የኮከቦቹ ቀለም በዋናነት ከሙቀታቸው እንደሚመጣ ኋላ ላይ ቢታወቅም፣ መርሁ ትክክል ነበር። በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ የሚያመጣው ለውጥ ከ150 ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ነው። ይህን መለየት መቻሉ እስካሁን ያስደንቀኛል። ብርሃኑ ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ደግሞ ነፋሱ በየትኛው ከፍታ ላይ እንዳለ ይናገራል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። አልትራቫዮሌት ሌዘር አየር በሌለበት ጠፈር ውስጥ የራሱን መስተዋቶችና ሌንሶች ያበላሻል። በዚህ ምክንያት ጉዞዋ ለዓመታት ዘገየ፤ መሐንዲሶቹም ጥቂት ኦክስጅን በመሣሪያው ውስጥ በመልቀቅ መፍትሔ አገኙለት። ሦስት ዓመት እንድታገለግል የታቀደችው ሳተላይት አምስት ዓመት ልትሞላ ጥቂት እስኪቀራት ሠራች።

ከጥር 2020 ጀምሮ የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል በመረጃዋ ይጠቀም ነበር። በዚያው ዓመት በኮሮና ምክንያት አውሮፕላኖች ሲቆሙ፣ ከእነሱ ይገኝ የነበረው የነፋስ መረጃ በእጅጉ ቀነሰ፤ የኤኦሉስ መረጃ የዚያን ጊዜ ይበልጥ አስፈለገ። ጥቅሟ ጎልቶ ከታየባቸው አካባቢዎች አንዱ የምድር ወገብ ዙሪያ ነው። በዚያ ነፋስን ከአየር ግፊት አስልቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ የመለኪያ ፊኛዎችም ጥቂት ናቸው። አገራችን በዚሁ ክልል ውስጥ ናት፤ የክረምት ዝናባችንም ከሩቅ እርጥበት በሚያመጡ ነፋሳት ይወሰናል። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

ኤኦሉስ ሐምሌ 28 ቀን 2023 በአንታርክቲካ ላይ ወደ ከባቢ አየር ገብታ ተቃጠለች። ተተኪዋ በ2030ዎቹ እንድትመጥቅ ታቅዷል። የሰበሰበችው መረጃ ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ የአየር ጠባይ የምታጠኑ ተማሪዎች፣ ተጠቀሙበት።