ጨረቃ ከተረገጠች በኋላ ገንዘቡ ለምን ነጠፈ?

ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአሜሪካ ሕዝብ የአፖሎን ጉዞ በአንድ ድምፅ ደግፎ ነበር የሚለው አስተሳሰብ ከእውነታው የራቀ ነው። በ1960ዎቹ በተሰበሰቡ አብዛኞቹ የሕዝብ አስተያየቶች ወጪው ተገቢ ነው ያለው ከግማሽ በታች ነበር። ዓላማው ሶቭየት ኅብረትን መቅደም ነበርና፣ በ1969 ድሉ ሲገኝ ምክንያቱም አብሮ አለቀ። እንዲያውም ቅነሳው የጀመረው ከዚያ በፊት፣ የቬትናም ጦርነት ካዝናውን ሲያራቁት ነው፤ በ1966 ከፌዴራሉ በጀት ከ4 በመቶ በላይ ያገኝ የነበረው ናሳ በ1975 ወደ 1 በመቶ ወረደ።

የወጪውን ክብደት ለሞጆ ሰው ማስረዳት አያዳግትም። ከዚህ ደረቅ ወደብ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርስ የጭነት መኪና በየጉዞው እዚያው እየተጣለ ሾፌሩ በጋቢናው ብቻ ቢመለስ፣ የትኛው ባለንብረት ይዘልቃል? 111 ሜትር ከሚረዝመው ሳተርን 5 ሮኬት ወደ ምድር የሚመለሰው 4 ሜትር የማይሞላው የጠፈርተኞቹ ክፍል ብቻ ነበር።

በአፖሎ 11 ዋዜማ ቄስ ራልፍ አበርናቲ ድሆችንና በበቅሎ የሚሳቡ ጋሪዎችን አስከትለው ወደ ማስወንጨፊያው ጣቢያ መጡ። የተራበ ሕፃን እያለ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን? የናሳው ኃላፊ ቶማስ ፔይን ወጥተው በአክብሮት አነጋገሯቸው፤ በጀቱን የሚያድን መልስ ግን አልነበራቸውም። በ1970 ሦስት በረራዎች ተሰረዙ፤ በ1972 አፖሎ 17 የመጨረሻው ሆነ።

ይኸው ጥያቄ በ2019 እኛም ዘንድ ተነሥቶ ነበር፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ። እርሷ ግን የተላከችው የእርሻ መሬታችንንና ውኃችንን ከላይ ሆና ፎቶ እንድታነሣ ነበር።