ስለ ንስር መታደስ፤ ላባው እንደምን እንደሚወድቅና እንደሚበቅል

ነቢዩ ዳዊት በ102ኛው መዝሙር የሰው ጕልማስነት መታደሱን በንስር መስሎ ይናገራል። ንስር እንደምን ይታደሳል ቢሉ፥ ወደ ግዕዝ በተመለሰው ፊሳልጎስ በተባለው መጽሐፍ፥ ባረጀ ጊዜ ወደ ፀሐይ ወጥቶ አሮጌ ክንፉን ያቃጥላል፥ ወርዶም ከምንጭ ሦስት ጊዜ ይጠመቃል የሚል ታሪክ ይገኛል። ይህ የጥምቀትን ምሥጢር ለማስረዳት የተነገረ ምሳሌ ነው።

ዛሬ ግን ሌላ ወሬ በየዐውደ ምሕረቱ ይሰማል። ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ምንቃሩን በዓለት ሰብሮ፥ ላባውን ሁሉ ነቅሎ፥ 5 ወር ተቀምጦ ይታደሳል ይላሉ። ይህ ከቶ አይሆንም። ምንቃሩን የሰበረ በምን ይበላል? ክንፉን የነቀለስ በምን ያድናል? 5 ወር ቀርቶ ጥቂት ሳምንት እንኳ በሕይወት አይቆይም። መምህር እውነትን ሲያስተምር ሐሰትን ምስክር አድርጎ ሊጠራ አይገባውም፤ ሰሚው ሐሰቱን ያወቀ ዕለት እውነቱንም ይጠራጠራልና።

ሐተታ። ላባ እንደ ጠጕርና እንደ ጥፍር ነው፤ አድጎ ከተፈጸመ በኋላ ደም የለበትም። በፀሐይ፥ በነፋስ፥ በመፋተግ ያረጃል፤ ቢሰበርም አይጠገንም። ስለዚህ መታደሱ በመለወጥ ነው። አሮጌው ከተተከለበት ከቆዳው ጕድጓድ አዲሱ ከበታች ይበቅላል፥ አሮጌውንም ገፍቶ ይጥለዋል። አዲሱ በቀጭን ሰገባ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ እስኪያድግ ድረስ ደም ይመላለስበታል፤ ሲፈጸም ደሙ ይሸሻል፥ ሰገባው ይራገፋል፥ ዘንጉም ውስጡ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ወራት ወፉ ቢራብ ወይም ቢታመም በላባው ላይ አግድም ደካማ መስመር ይወጣል፤ ላባው እስኪወድቅ ድረስም አይጠፋም።

በወላይታ ቤቶች ጓሮ፥ ከእንሰቱ ሥር የምትጭረውን ዶሮ ያየ ይህን ያስተውላል። ላባዋን በምታራግፍበት ወራት እንቁላል ታቆማለች፤ ባለቤቷ ታመመች ይላል፤ እርስዋ ግን የምግቧን ኃይል ወደ አዲሱ ላባ መልሳለች። እንዳትበር ክንፏን በመቀስ ቢቆርጡት የተቆረጠው ላባ እስከ ማራገፊያዋ ወራት አያድግም፤ ጕቶው ስፍራውን አልለቀቀምና። ከሥሩ የተነቀለ ግን ወራቱን ሳይጠብቅ ይተካል።

አዕዋፍ ሁሉ ባንድ ሥርዓት አይታደሱም። ከሶዶ በሁምቦ በኩል ወርዶ አባያ ሐይቅ የደረሰ ሰው ሁለቱን ወገን ባንድ ስፍራ ያገኛል። ዝይና ዳክዬ ጫጩት ካሳደጉ በኋላ የክንፋቸውን ረጃጅም ላባ ባንድ ጊዜ ይጥላሉ፤ አንድ ወር ያህልም መብረር አይችሉም። ነገር ግን ምግባቸውም መሸሸጊያቸውም በውኃውና በዳርቻው ነውና በዚህ አይጠፉም። በሐይቁ ዳር ከዛፍ ላይ የሚቀመጠው፥ ራሱ ነጭ የሆነው፥ ዓሣ አዳኙ ንስር ግን ካልበረረ አይበላም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ይጥላል፤ ከቀኝ ክንፉ አንዱ ሲወድቅ፥ ሚዛኑ እንዳይዛባ፥ ብዙ ጊዜ ከግራውም አቻው ይወድቃል፤ ያ ሲያድግ ሌላው ይከተላል። የትላልቆች ንስሮች አንድ ረጅም ላባ ለማደግ ሁለት ወር ያህል ይፈልጋልና ክንፋቸውን ሁሉ በአንድ ዓመት አይጨርሱም። ንስር ክንፉን ዘርግቶ ሲያንዣብብ ከታች ቢመለከቱት፥ ጥርስ እንደ ወለቀበት ድድ፥ ላባው የጐደለበት ስፍራ ይታያል።

ምሥጢር። እንግዲህ የንስር መታደስ ባንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም፤ እየበረረ፥ እያደነ፥ ልጆቹን እየመገበ ይታደሳል። ሰውም እንዲሁ ነው፤ ክፉ ጠባዩን ከላይ ቢቆርጠው ጕቶው ይቀራል፥ ከሥሩ ቢነቅለው ግን በጎው ይተካበታል። አንድም ዝይ ከሰው ተለይቶ በገዳም የሚታደስ መናኝ ነው፤ ንስር ግን በቤቱና በሹመቱ ሳለ፥ ሥራውን ሳይተው፥ ዕለት ዕለት የሚታደስ ሰው ነው። ሥራ በዝቶብኛልና ንስሐን ኋላ እይዛለሁ የሚል ባለ ሹመት ከዚህ ይማር። ክንፉ የጐደለ ንስርም ይበርራልና፥ ጕድለቱን ያየ ሰው ተስፋ አይቍረጥ።