«ከዚህ ወጣ፣ እዚያ አልደረሰም» የጃቫ ፕሮግራምና ዳታቤዝ ሲጣሉ

እንደሚታወቀው ዛሬ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምም ሆነ በዘ ሄግ የሚኖር ወገናችን ለእናቱ ገንዘብ ሲልክ፣ የቤት ኪራይ ሲከፍል ወይም የሐኪም ቀጠሮ ሲይዝ ጉዳዩን የሚፈጽምለት ከመስኮት ጀርባ የተቀመጠ ጸሐፊ ሳይሆን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ጃቫ በተባለው ቋንቋ የተጻፉ ሲሆን፣ መዝገባቸውን የሚያኖሩት ዳታቤዝ በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ከወንድምና እኅቶቻችን መካከልም ይህንኑ ሙያ እንጀራቸው ያደረጉ ወይም ለማድረግ በመማር ላይ ያሉ አሉ። ስለሆነም ፕሮግራሙና መዝገቡ ሲጣሉ ምን እንደሚፈጠርና ጠቡ እንዴት እንደሚበርድ ማወቅ ለባለሙያውም ለደንበኛውም ይጠቅማል።

የመጋቢቱ ሌሊት

በአገራችን ይህ ጉዳይ የሁሉም ሰው ወሬ የሆነበት ጊዜ ነበር። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ ማርች 15 ለ16 ቀን 2024) የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተና ተማሪዎች በሌሊት በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ አገልግሎቱን እስኪያቆም ድረስ ሰዓታት አልፈዋል። በዚያ ሌሊት ከ490 ሺህ በላይ ዝውውሮች እንደተካሄዱ ባንኩ ሲገልጽ፣ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ችግሩ የተፈጠረው በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት መሆኑን አስታውቋል። ንግድ ባንክም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ተናገረ።

ኋላ ላይ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ያላግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን፣ አብዛኛውም መመለሱን ገለጹ። ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። «ማሽኑ ሰጠኝ» ያለው ሁሉ መዝገቡ እያንዳንዷን ብር ከነስሙ ጽፎ እንዳስቀመጠ የተረዳው ያን ጊዜ ነው።

ትራንዛክሽን ማለት ምን ማለት ነው?

ለዚህ መልስ እቁባችንን ማየት ይበቃል። ዳኛው ዕጣ ለወጣለት ሰው ገንዘቡን ይሰጣል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ተቀባዩ ይፈርማል። ገንዘቡ ተሰጥቶ ሳይመዘገብ ቢቀር ወይም ተመዝግቦ ሳይሰጥ ቢቀር እቁቡ መፍረሱ ነው። ሦስቱም ነገሮች እንደ አንድ ሥራ መቆጠር አለባቸው፤ ወይ ሁሉም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዳቸውም አልተደረጉም።

በዳታቤዝ ዓለም ይህ አንድ ሥራ ትራንዛክሽን ይባላል። ሁሉ ነገር በደህና ካለቀ ሥራው ይጸድቃል፤ ባለሙያዎች «ኮሚት» የሚሉት ይህን ነው። መሐል ላይ እንቅፋት ከገጠመ ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለሳል፤ ይህም «ሮልባክ» ይባላል። በ1983 እ.ኤ.አ. ቴዎ ሄርደርና አንድሪያስ ሮይተር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ምሁራን የትራንዛክሽንን ጠባያት በአራት ነጥብ አሰባስበው ስም ሰጧቸው። ይኸውም፣ ሥራው አይከፈልም፤ የመዝገቡን ሕግ አያፈርስም፤ ከሌላ ሰው ሥራ ጋር አይደባለቅም፤ አንዴ ከጸደቀም መብራት ቢጠፋ እንኳ አይጠፋም።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

በሙያው የተሰማራ ወይም ሊሰማራ ያሰበ አንባቢ አስቀድሞ የስሕተቱን መልእክት እስከ ታች ድረስ ያንብብ። ጃቫ ረጅም ዝርዝር ይደረድራልና ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መስመር አይቶ ይደነግጣል። ዋናው ምክንያት ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመጨረሻው «ኮዝድ ባይ» መስመር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ከሚከተሉት አራቱ አንዱ መሆኑን ይመርምር።

1ኛ. የተዘጋ ሴሽን። ሴሽን ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚያደርገው ውይይት ነው። ሃይበርኔት የተባለው መሣሪያ የደንበኛውን ስም አምጥቶ የዝውውሮቹን ዝርዝር «ሲፈለግ አመጣዋለሁ» ብሎ ያቆየዋል። ሴሽኑ ከተዘጋ በኋላ ገጹ ዝርዝሩን ቢጠይቅ «ሌዚ ኢኒሻላይዜሽን» የተባለው ስሕተት ይወጣል። መድኃኒቱ የሚያስፈልገውን ሁሉ ትራንዛክሽኑ ክፍት ሳለ በአንድ ጥያቄ ማምጣት ነው። ገጹ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሴሽኑን ክፍት መተው ስሕተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

2ኛ. መመለስ ሲገባው የጸደቀ ሥራ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ድምፅ የለውም። ስፕሪንግ የተባለው መሣሪያ ካልታዘዘ በቀር ሥራውን ወደኋላ የሚመልሰው «ራንታይም» ለሚባሉት ስሕተቶችና ለከባድ የሲስተም ብልሽቶች ብቻ ነው። «ቼክድ» የሚባለው ዓይነት ስሕተት ሲነሣ ግን እስከዚያ የተሠራውን ግማሽ ሥራ ያጸድቀዋል። እናም ከላኪው ተቀንሶ ለተቀባዩ ሳይደመር ይቀራል፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይህ ነው። ስለዚህ «ሮልባክ ፎር» በሚለው ትእዛዝ ለየትኞቹ ስሕተቶች ሥራው እንዲመለስ በግልጽ መጻፍ፣ ስሕተትንም ይዞ ዝም አለማሰኘት ያስፈልጋል።

3ኛ. ያልተመለሰ መስመር። ፕሮግራሙ ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝባቸው መስመሮች የተቆጠሩ ናቸው። ሂካሪ የተባለው የመስመሮች ማከማቻ ካልተለወጠ በቀር የሚይዘው 10 ብቻ ሲሆን፣ መስመር ያጣ ጠያቂ 30 ሰከንድ ጠብቆ በስሕተት ይሰናበታል። አሥር ሲኒ ባለው ቡና ቤት ጠጪው ሁሉ ሲኒውን ይዞ ቢሄድ አሥራ አንደኛው ምን ይሆናል? ስለዚህ የተከፈተ መስመር ሥራው ቢሳካም ባይሳካም መዘጋት አለበት። ደግሞም ትራንዛክሽን ከፍቶ የሌላ ድርጅት ኮምፒዩተር እስኪመልስ መጠበቅ ሲኒውን ይዞ እንደማንቀላፋት ነው።

4ኛ. ገዳይ እቅፍ። በአንድ ቅጽበት አልማዝ ለከበደ፣ ከበደም ለአልማዝ ገንዘብ ይልካሉ እንበል። አንደኛው ትራንዛክሽን የአልማዝን ሂሳብ ቆልፎ የከበደን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው የከበደን ቆልፎ የአልማዝን ይጠብቃል። ሁለቱም እንደተያያዙ ይቀራሉ። መፍትሔው ላኪው ማንም ይሁን ማን ሁልጊዜ ትንሹን የሂሳብ ቁጥር አስቀድሞ መቆለፍ ነው። ዳታቤዙ አንዱን ሥራ ሰርዞ ሌላውን ሲያሳልፍም ፕሮግራሙ የተሰረዘውን ከመጀመሪያው እንዲሞክረው ማድረግ ያስፈልጋል።

«እንዲህ ያለ ሙያ የለም» የተባለው ሆላንዳዊ

«ገዳይ እቅፍ» የሚለውን ስያሜ የሰጠው በ1930 እ.ኤ.አ. ሮተርዳም የተወለደው ኤድስኸር ዳይክስትራ ነው። በአምስተርዳም የሒሳብ ማእከል በፕሮግራም ጸሐፊነት ሲሠራ ቆይቶ በ1957 ሚስት ሊያገባ ወደ ማዘጋጃ ቤት ቢሄድ፣ ሹሞቹ እንዲህ የሚባል ሙያ የለም ብለው «የፊዚክስ ምሁር» ብለው መዘገቡት። በ1972 ግን በሙያው ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። የትምህርት ማስረጃው አልታወቅ ብሎት በዚህ አገር መሥሪያ ቤት በር ላይ ለሚንገላታ ወገናችን ይህ ታሪክ ጥቂት ያጽናናው ይሆናል።

ለደንበኛውስ?

ገንዘብ ሲልኩ ገጹ ደርቆ ቢቀር ቁልፉን ደግመው አይጫኑ። አንዴ የተላከው ሁለት ጊዜ ሊላክ ይችላልና አስቀድመው የሂሳብ መግለጫዎን ይመልከቱ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይያዙ፣ ከዚያ ይደውሉ። ባለሙያውም በበኩሉ ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ልዩ ቁጥር ሰጥቶ፣ ያው ቁጥር ሁለተኛ ሲመጣ ፕሮግራሙ እንዳይቀበለው ማድረግ ይገባዋል። ሂሳብዎ ላይ የማያውቁት ገንዘብ ቢያገኙ ደግሞ አይንኩት፤ ለባንኩ ያስታውቁ። ፕሮግራም ሊሳሳት ይችላል፤ ነገር ግን የመጋቢቱ ሌሊት እንዳሳየን መዝገብ አይረሳም።

ቸር ይግጠመን!